ስታሸንፍ የሚያባርርህ ቤት፦ የቤቲንግ ታሪክ ከመይሲር እስከ ሞጣ



ከመግሪብ በኋላ ተሰብስበን በምንጨዋወትበት የወጣቶች ጀመዓ ላይ አንድ የቢቸና ልጅ ስልኩን አውጥቶ አሳየን። ሞጣ ላይ የሞባይል ዕቃ ሱቅ ይዞ ይሠራል። መነሻውን የሰጡት አባቱ ናቸው፤ ቢቸና ውስጥ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ያሳለፉ ሰው። ስልኩ ላይ የአንድ ቤቲንግ ድርጅት ገጽ ተከፍቷል። ልጁ 500 ብር ብሎ ጻፈ። ገጹ ለዚህ ጨዋታ የሚፈቀድለት ከፍተኛ መጠን 20 ብር መሆኑን ነገረው። አጠገቡ የተቀመጠው የአክስቱ ልጅ በራሱ ስልክ ያንኑ ጨዋታ በዚያው ኦድ ሞከረው፤ 500 ብሩን ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለው።

«የሲስተም ችግር ነው መሰለኝ» አለን።

ሲስተሙ ምንም አልሆነም፤ የተሠራለትን ሥራ እየሠራ ነው። ልጁ ከዚያ በፊት ለሁለት ወር ያህል እያሸነፈ ነበር። ትልልቆቹን ሊጎች ትቶ ብዙ ሰው የማያያቸውን ትንንሽ ሊጎች ይከታተላል፤ የቡድን አሰላለፍ ይፋ እንደሆነ፣ ቤቱ ኦዱን ሳያስተካክል ቀድሞ ይቆርጣል። ስንመክረው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ወላሂ እኔ ቁማር አልጫወትም፤ አናሊስስ ነው የምሠራው።»

ይህን ቃል ከሱ ብቻ አይደለም የሰማነው። ቁማር ሐራም መሆኑን ከኛ መካከል የማያውቅ የለም፤ በሱረቱል በቀራ 219ኛው፣ በሱረቱል ማኢዳም 90ኛውና 91ኛው አንቀጽ ላይ ተቀምጧል። ብዙ ወንድሞቻችን የሚሸሹት ወደ ሌላ በር ነው፦ «ይህ ዕድል ሳይሆን እውቀት ነው፤ ኳስ ስለማውቅ ነው የማገኘው፤ ከንግድ በምን ይለያል?» ይላሉ። እኛም ይህን በር ከታሪኩ ተነስተን ልንፈትሸው ወደድን። የውርርድ ቤቶች አዋቂን ሰው ሲያገኙ ምን አደረጉት?

ከጃሂሊያው እንጀምር። ቁርኣን የከለከለው መይሲር በዐረቦች ዘንድ የታወቀ ሥርዓት ነበረው። ግመል በዱቤ ገዝተው ያርዱና ሥጋውን ይከፋፍሉታል። ከዚያ አሥር ፍላጻዎች ከከረጢት ይወጣሉ። ሰባቱ ከአንድ እስከ ሰባት ድርሻ ያላቸው ናቸው፤ ሦስቱ ባዶ ናቸው። ባዶው የወጣበት ሰው ሥጋ አያገኝም፣ የግመሉንም ዋጋ ይከፍላል። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚነግሩን ያሸነፉት ሥጋውን ራሳቸው አይበሉትም ነበር፤ ለድሆች ይሰጡና በዚያ ይኩራሩ ነበር። በቀራ ላይ ለሰዎች አንዳንድ ጥቅም እንዳለው ከተጠቀሰ በኋላ ኃጢአቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ የተነገረው ስለዚህ ዓይነቱ ነው። ልብ በሉ! ድሃ የሚበላበት፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ ከአንድ ከረጢት የሚያወጡበት፣ ከመካከላቸው ማንም «አንተ ብዙ ስላሸነፍክ ውጣ» የማይባልበት ቁማር እንኳ ተከልክሏል።

እዚህ ላይ ወጣቶች የሚያነሱት ታሪክ አለ፤ ዘለነው ብንሄድ ታማኝ አንሆንም። አቡበክር (ረ.ዐ.) ከቁረይሽ ሙሽሪኮች ጋር ተወራርደዋል። በሱረቱ ሩም የተሸነፉት ሮማውያን በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሰው እንደሚያሸንፉ ሲነገር ሙሽሪኮቹ አፌዙ፣ አቡበክርም ግመል አስያዙ። የዘገባዎቹ ዝርዝር ይለያያል። በአንዱ እንደሚነገረው መጀመሪያ የያዙት የዓመት ገደብ አጭር ነበር፤ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንቀጹ የተጠቀሰው «ጥቂት» ከሦስት እስከ ዘጠኝ እንደሚደርስ ነግረዋቸው ጊዜውን እንዲያራዝሙ፣ መያዣውንም ከፍ እንዲያደርጉ አዘዟቸው። ብዙኃኑ ዑለማእ ይህ ቁማር ከመከልከሉ በፊት፣ መካ ላይ የሆነ ነው ይላሉ። በአንዳንድ ዘገባዎችም አቡበክር ያሸነፉትን ለምጽዋት እንዲሰጡት ተነግሯቸዋል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሻገር፤ ቢቸናና ሞጣ የደረሰው ቁማር የተወለደው እዚያ ነውና። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረስ ላይ የሚወራረዱ ሁለት መኳንንት እርስ በርሳቸው ነበር የሚያስይዙት። በ1790ዎቹ ግን ኒውማርኬት በተባለው የፈረስ ሜዳ ሃሪ ኦግደን የሚባል ሰው ለእያንዳንዱ ፈረስ የየራሱን ተመን አውጥቶ ከመጣው ሁሉ ጋር መወራረድ እንደጀመረ ይነገራል። ለውጡ ትንሽ ይመስላል እንጂ ሁሉንም ነገር የቀየረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ወገን ተመኑን የሚያወጣ ቤት፣ በሌላ ወገን ተመኑን የሚቀበል ሰው ሆነ። ይህን ባለቤት አቋማሪ እንበለው። አቋማሪው ትርፉን ተመኑ ውስጥ ይደብቀዋል። ሳንቲም ወደ ላይ ቢወረወር ለሁለቱም ጎን ትክክለኛው ኦድ 2.00 ነው። እሱ ግን ለሁለቱም 1.85 ይሰጣል። ጎፈርም ይውጣ ዘውድ፣ ከያንዳንዱ 100 ብር በአማካይ 7 ብር ተኩል የሱ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ የውርርድ ሱቅ በየመንገዱ እንዲከፈት ሕግ የፈቀደው ከግንቦት 1 ቀን 1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የኛም ብሔራዊ ሎተሪ በዐዋጅ የተቋቋመው በዚያው ዓመት፣ በ1954 ዓ.ም. ነው። ሀገራችን ውስጥ ኋላ የመጣው የስፖርት ውርርድ ፈቃዱን ያገኘው ከዚሁ መሥሪያ ቤት ነው፤ በሕጉ ዓይን የሎተሪ ዓይነት ነው። «ፈቃድ አለው እኮ!» የሚሉ ወንድሞች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው። መንግሥት ራሱ «አናሊስስ» ብሎ አልፈቀደውም፤ የዕድል ጨዋታ ብሎ ነው ግብሩን የሚቆርጠው።

ኦድ ለምን ይወርዳል? ጠዋት 2.10 የነበረው ከሰዓት 1.75 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሰፈር ውስጥ «ጨዋታው ተሽጧል፣ የውስጥ ሰው አለ» እየተባለ ሁሉም ሊቆርጥ ይሯሯጣል። እውነቱ ሌላ ነው። ኦድ የሚንቀሳቀሰው አንድም አጥቂ ተጎድቶ በመቅረቱ ነው፣ አንድም ወደ አንድ ወገን ብዙ ገንዘብ በመግባቱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ወሳኙ ገንዘቡን ያስገባው ማን ነው የሚለው ነው። ሺህ ተራ ሰው ለአርሰናል ቢቆርጥ አቋማሪው ላይደነግጥ ይችላል። አንድ የታወቀ አዋቂ በመቶ ብር ቢቆርጥ ግን ኦዱ ወዲያው ይነካል። አቋማሪው አዋቂውን እንደ ሚዛን ይጠቀምበታል፦ ትንሽ ይሸጥለታል፣ የት እንደቆረጠ ያያል፣ ከዚያ ተመኑን አስተካክሎ ለሌላው ሕዝብ ያቀርባል። እናንተ «ኦዱ ወረደ» ብላችሁ በምትሮጡበት ሰዓት ርካሹ ዋጋ ሄዷል፤ የምትገዙት የተስተካከለውን ነው።

ደግሞ ይህን ሁሉ የሚሠራው በአጠገባችሁ ትኬት የሚያትመው ልጅ አይደለም። ብዙ ቤቶች ኦዱን ራሳቸው አያወጡትም። እንደ ስፖርትራዳር ካሉ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ስዊዘርላንድ ከሆነ ኩባንያዎች ይገዙታል። እናንተ በአንድ ስልክ ከምታውቁት በላይ በየደቂቃው ከየስታዲየሙ መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት ነው ከጀርባው ያለው። የሞጣው ልጅ ያገኘው ክፍተት እዚህ ላይ ነበር፦ በትንንሽ ሊጎች ቤቱ ጥቂት ደቂቃ ይዘገያል። ክፍተቱ እውነተኛ ነበር፤ አልዋሸንም። ይህ ነው ያባረረው።

እሱ የመጀመሪያው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ማክኒል የሚባል የሒሳብ መምህር ነበር። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ለየጨዋታው የራሱን ግምት በቁጥር እያወጣ ይወራረድና ያሸንፍ ነበር። አቋማሪዎቹ ምን አደረጉ? የሚያስይዘውን መጠን ገደቡበት። ማክኒል ተናዶ የራሱን የውርርድ ቤት ከፈተ። ዛሬም የሚሠራበትን «ማን ያሸንፋል» ሳይሆን «በስንት ልዩነት ያሸንፋል» የሚለውን አወራረድ በማስፋፋት ስሙ የሚነሳው እሱ ነው። አዋቂው ከቁማርተኝነት ወጥቶ አቋማሪ ሆነ ማለት ነው፤ ገንዘቡ ያለው በየትኛው ጠረጴዛ እንደሆነ ገብቶታልና።

ከሱ ዓመታት በኋላ ማይክል ኬንት የተባለ የሒሳብ ሰው በኮምፒውተር የአሜሪካን ፉትቦል ውጤት መተንበይ ጀመረ። ላስቬጋስ ላይ ቢሊ ዋልተርስን ከመሰሉ ቁማርተኞች ጋር ሆነው የኮምፒውተር ቡድን የሚባለውን አቋቋሙ። በስማቸው ሲያስይዙ ቤቶቹ ተመኑን ስለሚያሸሹባቸው በሌላ ሰው ስም የሚያስይዙ መልእክተኞችን በየከተማው አሰማሩ። በጥር 1985 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ ቤታቸውን ፈተሸ፤ በ1990 ተከሰሱ፣ በ1992 በነጻ ተለቀቁ። ብዙ ሚሊዮን ዶላር አግኝተዋል፤ ይህንንም አንደብቅም። ግን እንዴት እንደኖሩ ተመልከቱ፦ ስም መደበቅ፣ ሰው መላክ፣ በማያውቁት ሰው ገንዘብ ማስቀመጥ፣ ፖሊስ መጠበቅ። የቢቸናው ልጅም 20 ብር ሲገደብበት የመጀመሪያ ሐሳቡ ይኸው ነበር፦ በአክስቱ ልጅ ስም መቁረጥ። አካውንት የሌላ ሰው፣ ገንዘብ የሱ፣ ትርፍ ለሁለት። ማን አስተማረው? ማንም። ቤቱ ራሱ ወደዚያ ይገፋል።

ዛሬ ይህን የሚሠራው ኮምፒውተር ነው። እያንዳንዱ አካውንት ይመዘናል፦ የምትቆርጠው ጠዋት ኦድ እንደወጣ ነው ወይስ ጨዋታ ሊጀመር ሲል? ከቆረጥክ በኋላ ኦዱ ይወርዳል ወይስ ይወጣል? የምትመርጠው የምትደግፈውን ቡድን ነው ወይስ ማንም የማያየውን ሊግ? ገና ትርፍህ ሳይበዛ፣ አቆራረጥህ ብቻ አዋቂ መሆንህን ይናገርብሃል። ከዚያ ገደቡ ይወርዳል፤ ወይም «ጥያቄዎ እየታየ ነው» ይልና ኦዱ እስኪስተካከል ያቆይሃል። አውስትራሊያ ውስጥ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ2014 እ.ኤ.አ. አቋማሪዎች በፈረስ ውድድር ላይ እስከ ተወሰነ መጠን የማንንም ውርርድ እንዲቀበሉ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። አስቡት! አሸናፊን አታባርሩ ለማለት ደንብ ማውጣት አስፈልጓል።

ሁሉም ቤቶች አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም። ፒናክልን የመሰሉ ጥቂቶች አሸናፊን አናባርርም ይላሉ። እነሱም ቢሆኑ ለአዋቂው ወዳጅ ሆነው አይደለም። ተመናቸውን በሱ ያርማሉ፣ ትርፋቸውን ከብዙኃኑ ይሰበስባሉ።

«ሌስተርስ?» የሚል አይጠፋም። በ2015 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ላይ ሌስተር ሲቲ ዋንጫ እንዲወስድ የተሰጠው ተመን 5000 ለአንድ ነበር። በግንቦት 2 ቀን 2016 ቶተንሃም ከቼልሲ ጋር 2 ለ 2 ሲወጣ ሌስተር ሻምፒዮን ሆነ፤ አቋማሪዎችም ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ከፈሉ። ሆኖም ሌስተር መሪ እየሆነ ሲሄድ ቤቶቹ ትኬት ለያዙት ሰዎች «አሁኑኑ ይህን ያህል እንስጥህና ትኬቱን መልስ» እያሉ ያቀርቡላቸው ነበር። ብዙዎች በትንሹ ሸጡ። የከፈሉትን ገንዘብስ ቢሆን? ያ ታሪክ ስንት ዓመት ሙሉ ስንት አዲስ ሰው ወደ ሱቃቸው እንዳመጣላቸው አስቡ። እኛ ራሳችን ሞጣ ላይ ቁጭ ብለን እያወራነው ነው።

ወደ ሀገራችን ትኬት እንምጣ። ወጣቱ አንድ ጨዋታ አይቆርጥም፤ አሥርና አሥራ አምስት ጨዋታ ይደረድራል። «አንድ ጌም አቃጠለኝ» የሚለው ቃል ከዚህ የመጣ ነው። ያቃጠለህ ግን አንድ ጌም አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። እያንዳንዱ ግማሽ በግማሽ የሆነ፣ ኦዱ 1.85 የሆነ አሥር ጨዋታ በ100 ብር ብትደረድር ሁሉም ቢገባልህ ወደ 46,959 ብር ይደርሳል። የመግባቱ ዕድል ግን ከ1,024 አንድ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ክፍያ 102,400 ብር መሆን ነበረበት። ከዚያም በገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከ1,000 ብር በላይ ከሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ 15 በመቶ ይቆረጥ ነበር፤ በዚያ ሒሳብ እጅህ የሚገባው 39,915 ብር ገደማ ይሆናል። ይህን ለ1,024 ስታካፍለው በ100 ብር የገዛኸው ትኬት ዋጋው 39 ብር ነው። 100 ብር በ39 ብር የሚመነዝር ነጋዴ ሞጣ ገበያ ላይ ብታገኝ ምን ትለዋለህ? በነጠላ ጨዋታ 7 ብር ተኩል የነበረው የቤቱ ድርሻ በድርደራ እንዲህ ይባዛል። አዋቂውን በ20 ብር የሚገድበው ቤት ለዚህ ትኬት በደስታ በሩን የሚከፍተው፣ ቦነስ እየጨመረ «ደርድሩ» የሚለው ስለዚህ ነው።

የቴሌግራም ቪአይፒ ቻናሎችንም በአጭሩ እንለፋቸው፤ ብዙ ቃል አይገባቸውም። ለግማሹ አባል አንዱን ቡድን፣ ለግማሹ ሌላውን ይልኩና ለገባለት ብቻ ቀጣዩን ይሸጣሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ በላኩት ሰው ኪሳራ ልክ ከቤቱ ኮሚሽን ይቆረጥላቸዋል። ማለትም አንተ በተበላህ ቁጥር እሱ ይበላል።

«ከንግድ በምን ይለያል?» ለተባለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ የነበረው የጁቤ አካባቢ ያለው በሶ ነው፤ ዛሬም ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነው። ሙስሊም ነጋዴዎች ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን ከአባይ ማዶ እያመጡ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ያሻግሩ ነበር፤ በባሪያም ይነግዱ ነበር፣ ይህን ታሪክ አናስጌጠውም። ሞጣም በሰባራ ድልድይ በኩል ወደ ቤጌምድር በሚያሻግረው መንገድ ላይ ናት። መንገዱ አደጋ ነበረበት፤ ሽፍታ፣ የአባይ ሙላት፣ የሚሞት በቅሎ። ግን ገንዘብ ያወጣውና የሚጓዘው በትርፍም በኪሳራም ይተሳሰሩ ነበር፤ ፊቅሃችን ሙዷረባ የሚለው ይህንኑ ነው። ጎበዝ ገዢ ሲመጣ ገበያው አያባርረውም፤ ይሻማበታል። ሸቀጡም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሄድ ሁለቱም የሚፈልጉትን ያገኛሉ። ቤቲንግ ቤት ውስጥ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ሌላው ኪስ ከመግባት በቀር ምን ተለወጠ?

የዚህ ዓይነት ሱቅ እንዴት እንደሚቆም ሞጣ ላይ ያለን ሰዎች ከማንም በላይ እናውቃለን። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. መስጂዶቻችን ሲቃጠሉ የሙስሊሞች ሱቆችም አብረው ወድመዋል። ከዚያ በኋላ ከአዲስ አበባ እስከ ውጭ ሀገር ስንት የማያውቀን ሰው ከጉሮሮው ነጥቆ አዋጣ። እዚህ ከተማ ውስጥ ያለ የሱቅ መነሻ ገንዘብ የአንድ ሰው ብቻ ነው ብለን ማሰብ ይከብደናል።

ልጁን ወደ ጥያቄው መለስነው። አሁን የቀረው በአካውንቱ ያለው 6,400 ብር ነው። ራሱ ያስገባውን ነገረን፤ 2,500 ብር። ብዙ ዑለማኦች እንደሚሉት የራሱ መነሻ የራሱ ነው፤ ከሰዎች ያሸነፈውና ባለቤቱ የማይታወቀው ግን በኪሱ አይቀርም፤ የሰደቃ ምንዳ ሳይጠብቅ ለድሆች ወይም ለሕዝብ ጥቅም ያወጣዋል። የአቡበክርን ታሪክ መጨረሻ ያዙልን ያልነው ለዚህ ነው፤ ውርርዱን ማስረጃ የሚያደርግ ሰው ገንዘቡ የት እንደሄደም ይናገር። ዝርዝሩን ለሚያውቃቸው ዓሊም አቅርቦ እንዲጠይቅ ነገርነው፤ አብረነውም ሄድን። 3,900 ብሩን አወጣ። አካውንቱን ዘጋ።

የአክስቱ ልጅ ግን አልዘጋም። እሱ አናሊስስ አያውቅም፤ ማንቸስተር ዩናይትድን ይወዳል፣ በየሳምንቱም ቢያንስ አሥር ጨዋታ ይደረድራል። እስካሁን አንድም ቀን ገደብ ወርዶበት አያውቅም። ሐሙስ ማታ ስልኩ ላይ መልእክት ይገባለታል፦ የ50 ብር ነጻ ቦነስ።